አባባ ያላስመዘገቡት ዕቃ

ብዙዎቻችሁ አባባን ታውቋቸዋላችሁ። መርካቶ ሱቃችን በር ላይ ወንበር አውጥተው ጋዜጣ የሚያነቡት፣ ከሞያሌ የመጣን ሹፌር ሻይ ሳያጠጡ የማይለቁት ሽማግሌ ናቸው። ይህን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ጠይቀናል። ሁለት ቀን አሰቡበትና፣ "ጻፉት። ስሜን ብቻ አትጥሩ። በሽታውን ግን በስሙ ጥሩት፤ ይሄ ሁሉ የመጣው እኔ እሱን መጥራት አፍሬ ነው" አሉን። እንጠራዋለን፤ የፕሮስቴት ካንሰር ነው።

እኛ ሦስት እህትማማቾች ነን። ትልቋ ገበያውን ታውቃለች፤ ትንሿ ከሞያሌ ማዶ ያለውን ደንበኛ ትይዛለች፤ ሒሳቡንና ወረቀቱን የምትይዘው፣ ይህንንም ቁጭ ብላ የጻፈችው መካከለኛዋ፣ ከኮሜርስ በዲፕሎማ የወጣችው ነች። ግን ሦስታችንም አንብበን ሦስታችንም አርመነዋል፤ ስለዚህ "እኛ" እያልን እንቀጥላለን።

ነገሩ የጀመረው ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን አባባን የልጅ ልጆቻቸውን እንዲያዩ የወሰዳቸው ጊዜ ነው። 71 ዓመታቸው ነበር። ሌሊት ሌሊት ለሽንት ሲመላለሱ አይቶ ሐኪም ቤት ይዟቸው ሄደ። ፒኤስኤ የሚሉት የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰሩ ገና ከፕሮስቴቱ ሳይወጣ ተደረሰበት። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ከውጭ ለሳምንታት የሚሰጥ ጨረር አለ፣ እየተከታተሉ መጠበቅም አለ ብለው ምርጫውን ዘረዘሩላቸው። አባባ የመረጡት በአንድ ቀን ገብተው የሚወጡበትን ነው፤ የጨረር ፍሬ ማስተከል። ለእኛ በስልክ የነገሩን፣ "ሽንቴን ትንሽ አስተካከሉልኝ" ብለው ነው። ወንድማችንንም በእናታችን አጥንት አስምለውታል። አንዲት ቃል አላወጣም።

አሁን ስለ ፍሬዎቹ ከአባባ ይልቅ እኛ እናውቃለን። አንዷ ፍሬ ርዝመቷ 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ውፍረቷ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ውጪዋ ቲታኒየም፣ ውስጧ አዮዲን 125 የሚባል ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። ሰውየው ማደንዘዣ ይወስዳል፤ ከዚያ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ በረጃጅም መርፌዎች ፍሬዎቹን እየለካ ፕሮስቴቱ ውስጥ ይዘራቸዋል። በአልትራሳውንድ እያዩ መትከሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮፐንሃገን ላይ ተጀምሮ፣ ከዚያ በአሜሪካ ሲያትል ተስፋፍቶ ዓለም የያዘው ነው። ለአባባ 94 ፍሬ ተተከለላቸው። ፍሬዎቹ አይወጡም፤ ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራሉ። ጨረሩ ግን በየ60 ቀኑ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው ተተክሎለት፣ ሽንቱ ለጥቂት ወራት አስቸግሮት፣ ከዚያ ሥራውን ይሠራል። እኛ የምንጽፈው ብዙ ሰው ላይ ስለማይደርሰው ነው፤ አባባ ላይ ደርሷልና።

ከተተከለላቸው በአምስተኛው ሳምንት አገር ቤት ገቡ። ያኔ ትንሿ እህታችን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኬንያው ሞያሌ ነው። አባባ ሲያገቡ ጊዜ መጀመሪያ አኩርፈው፣ በኋላ ሽማግሌ ተልኮባቸው መርቀዋታል፤ ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። አባባ ከአሜሪካ በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ እሷ አጠገባቸው ልትቀመጥ ስትል ተነሥተው ወንበራቸውን ከክፍሉ ማዶ ወሰዱ። በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ። የትልቋ የሦስት ዓመት ልጅ እየሮጠ ጭናቸው ላይ ሲወጣ፣ "ሂድ፣ ሂድ ወደ እናትህ" ብለው በእጃቸው ገፉት። ልጁ አለቀሰ። ትንሿ ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ በኋላ ግን እሑድ እሑድ መምጣት ተወች። "ልጄን ገና ሳይወለድ ጠሉት" አለችን። እኛም ውስጣችን እንዲያ ነበር ያሰብነው። አሜሪካ ሄዶ የተመለሰ ሰው ይቀየራል፣ ደርሶ ይኮራል፣ የድሮ ቂም ይቀሰቅሳል እያልን እርስ በርስ ስናማቸው ከረምን።

ሐኪሞቹ የሰጧቸው መመሪያ በኋላ እጃችን ሲገባ ያን ያህል የሚያስፈራ ሆኖ አላገኘነውም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሕፃን ጭን ላይ አስቀምጦ መቆየት አይገባም፣ ከነፍሰ ጡር ሴት ጋርም ለረጅም ሰዓት ተጣብቆ አለመቀመጥ ነው። ሰላም ማለት ይቻላል፣ ማቀፍ ይቻላል፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መብላት ይቻላል። ወረቀቱ ግን እንግሊዝኛ ነው። ወንድማችን ሥራ ሊገባ ሲል ቆሞ ተርጉሞላቸው "ሕፃንና ነፍሰ ጡር" የሚለው ብቻ ጆሯቸው ላይ ቀረ። የቀረውን ፍርሃታቸው ሞላው።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ለዕቃ ልንወጣ ስንል፣ "እኔም ልምጣ፤ የድሮ ደንበኞቼን ልይ" አሉ። ደስ አለን። ሄድን፤ ገበያውን ዞርን፤ የሴራሚክ ናሙና ገዛን። አባባ በየሄድንበት መጸዳጃ ቤት ስለሚጠይቁ መኪናው በየሃያ ደቂቃው ይቆማል፤ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ኤርፖርቱን አንጠራውም። መውጫው ላይ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ዓምዶች አሉ። የብረት መፈተሻ አይደሉም፤ ጨረር ነው የሚለኩት። አባባ መካከላቸው ሲያልፉ ጮኸ።

እኛ አልደነገጥንም። ሴራሚክ የጫናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሸክላው ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ትንሽ ጨረር መሣሪያውን አንዳንዴ ያስጮኸዋል። የፖታሽ ማዳበሪያም፣ ሙዝ የሞላ ኮንቴይነርም ሊያስጮኸው ይችላል። ከዚህ በፊት በሴራሚክ ምክንያት ኮንቴይነር ተይዞብን ሁለት ቀን የወደብ ኪራይ ከፍለናል። ስለዚህ ትልቋ በልበ ሙሉነት ቀረበችና ሻንጣውን ከፍታ ናሙናዎቹን ደረደረች፤ "ይሄ ነው የጮኸው" አለች። ፈታሾቹ ሻንጣውን ለብቻው አሳለፉት። ዝም። እኛን አንድ በአንድ አሳለፉን። ዝም። አባባን አሳለፏቸው። ጮኸ።

በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አምጥተው ከራሳቸው ጀምረው ወደ ታች ሲወስዱት ወገባቸው ጋ ሲደርስ ድምፁ በረታ። ትልቁ ፈታሽ በአክብሮት፣ "ምዜ፣ በቅርብ ሆስፒታል ታክመዋል? የጨረር መድኃኒት ተሰጥቶዎታል?" ብሎ ጠየቀ። ተረጎምንላቸው። "የለም" አሉ። ደግሞ ተጠየቁ። "ምንም የለኝም።" እኛም ሴት ልጆቻቸው፣ ምንም ሳናውቅ፣ "አባታችን ጤነኛ ናቸው" ብለን ማልንላቸው። ፊታቸውን ብታዩት! አርባ ዓመት በየኬላው ሲያልፉ አንድም ቀን ዕቃ ያልደበቁ ሰው፣ እኛንም "ያላስመዘገብሽው ዕቃ ያንቺ አይደለም" እያሉ ያሳደጉ ሰው፣ እንደ ኮንትሮባንዲስት አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳ ያያሉ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። አውሮፕላኑ ጥሎን ሄደ። በመጨረሻ አባባ ትልቁን ፈታሽ በእጅ ጠርተው፣ እኛን ውጪ ቁሙ አሉን። በበሩ መስታወት አየናቸው። ከኪስ ቦርሳቸው የእመቤታችንን ሥዕል አወጡ፤ ከሥዕሉ ጀርባ ሌላ ካርድ መዘዙ። ሰውየው አነበበ፣ ስልክ ደወለ፣ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ሻይም አመጣላቸው። ለእኛ የነገረን፣ "አባታችሁ ንጹሕ ናቸው። ይህን ቀድመው ቢያሳዩን አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው" ብሎ ብቻ ነው።

ማታ ሆቴል ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ሁሉንም ነገሩን። ካንሰሩን፣ ፍሬዎቹን፣ ከተከሏቸው ማግስት ሽንት አልወጣ ብሎ ሳምንት ሙሉ ቱቦ ይዘው መሰንበታቸውን፣ ፍሬ አብሮ ይወጣ እንደሆነ ብለው ለጥቂት ቀናት ሽንታቸውን እያጠለሉ ማየታቸውን። ሴት ልጅ ፊት ይህን መናገር ለእሳቸው ትውልድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ትንሿን ደውለን ስልኩን ሰጠናቸው። የሰማነው የእሳቸውን ወገን ብቻ ነው፦ "አንቺን አይደለም የሸሸሁት... ልጄ... እኔን ነው። እኔን ነው የሸሸሁት። ጽንሱን እንዳልጎዳው ብዬ ነው።" ስልኩን ሲመልሱልን ወዲያኛው ጫፍ ላይ ለቅሶ ነበር።

እዚያው ሌሊት መካከለኛዋ ወረቀት አወጣች። ኮሜርስ ካስተማሯት ነገር ሁሉ አልረሳ ያላት የእርጅና ቅናሽ አሠራር ነው። 60 ቀን ሲሞላው 50 በመቶ ይቀራል፤ በ120 ቀን 25፤ በ180 ቀን 12 ተኩል፤ ዓመት ሲሞላ ሁለት በመቶ እንኳ አይቀርም። አሥር ግማሽ ዕድሜ፣ ማለት 594 ቀን ሲያልፍ፣ ከአንድ ሺህ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ሠንጠረዡን አባባ ራስጌ አስቀመጠችላቸው። "ይሄ ማሽን ከሆነ ተሸጦም አይሸጥ፤ የመዝገብ ዋጋው አልቋል" አሉ። ከስንት ወር በኋላ የሳቁት ያኔ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን፤ ግን አላለቀም።

ክረምት ላይ ሳል ያዛቸው። ደረት ራጅ ተነሡ። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ረጅም ሰዓት አየው። በቀኝ ሳንባቸው ታችኛው ክፍል አንዲት ነጭ ጭረት አለች፤ አጭር፣ ቀጥ ያለች፣ በስክሪብቶ የተሠመረች የምትመስል። "አባት፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ? መርፌ ውጠው ያውቃሉ?" አላቸው። በዚህ ጊዜ ካርዱን ይዘን ነበር፤ እኛም ግን ምን አገናኘው አልን። ፕሮስቴት ከታች፣ ሳንባ ከላይ! ፎቶውን ወደ ሜሪላንድ ላክን። በማግስቱ መልስ መጣ፤ የእኛው ፍሬ ናት።

የሄደችበትን መንገድ ወንድማችን እንዲህ አስረዳን። ፕሮስቴቱን ዙሪያውን የደም ሥር መረብ ከቦታል። አንዲት ፍሬ ከተተከለችበት ተንሸራትታ ከደም ሥሮቹ አንዱ ውስጥ ከገባች ደሙ ይዟት ወደ ላይ ይወጣል፤ በልብ ቀኝ ክፍል ታልፍና ወደ ሳንባ ትላካለች፤ ሳንባ ውስጥ ሥሮቹ ስለሚቀጥኑ እዚያ ትያዛለች። በክር ተያይዘው የሚተከሉ ፍሬዎች እንዲህ መሄዳቸው ይቀንሳል፤ ለየብቻቸው የሚተከሉት ይበዛሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት ሳንባ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ልብ ውስጥ፣ ኩላሊት ውስጥ፣ የጀርባ አጥንት አካባቢም ተገኝተዋል። ሳንባ ላይ ያረፈችው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አታደርግም፤ ማንም አያወጣትም። የአባባም ሳል ጉንፋን ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን እስካሁን ይገርመናል። ለሞጆ ደረቅ ወደብ የተላከ ዕቃ ጅግጅጋ ተገኘ ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳይፈርምለት። ትልቋ፣ "93 ፍሬ ነው እንግዲህ እቦታው ያለው፤ ቆጠራው ይስተካከል" ብላ አሳቀችን።

ያን ጊዜ ከፊልሙ መልስ ጋር የአሜሪካው ሐኪም ሁለት ገጽ ደብዳቤ ልኮልን ነበር። መካከለኛዋ እንደ ልማዷ ቀዳችው፣ በስልኳም አስቀመጠችው። ደብዳቤው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በደማቁ ተጽፏል፦ ከታችኛው አንጀት የፊት ግድግዳ ላይ፣ እኛን ሳታማክሩ ናሙና እንዳይወሰድ። ሽንት ቢያስቸግራቸውም ፕሮስቴቱን ለመፋቅ ከመቸኮል በፊት እንድናማክራቸው ይላል። አነበብነው፤ አስቀመጥነው። አባባ አላነበቡትም።

ከተተከለላቸው አሥራ አራት ወር ገደማ ሲሞላ ሰገራቸው ላይ ደም ማየት ጀመሩ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ደበቁ! ኤርፖርት ያለቀሱት ሰው፣ ለልጃቸው በስልክ ያን ሁሉ የተናገሩት ሰው፣ ደግሞ ደበቁ። በኋላ ሲነግሩን፣ "ያ የፊቱ ነው፣ ይሄ የኋላው ነው፤ ሌላ በሽታ መሰለኝ" አሉ። ትንሽ እውነት አለው፤ ብዙው ግን ሐፍረት ነው። እኛ ሁለታችን ዕቃ ልንረከብ ወደ ሞያሌ በወረድንበት ሳምንት፣ አንድ የዕድር ጓደኛቸውን ይዘው አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ በአጭር ካሜራ ሲያይ የታችኛው አንጀት የፊት ግድግዳ ላይ ቁስል አገኘ። 72 ዓመት የሞላው ሰው፣ ደም፣ ቁስል፤ ማንኛውም ጥሩ ሐኪም የአንጀት ካንሰር ነው የሚጠረጥረው። ለማግስቱ ጠዋት ናሙና ሊወስድ ቀጠራቸው። "ከዚህ በፊት የታከሙት ነገር አለ?" ብሎ ጠይቋቸዋል። "የለም" ብለዋል። እንደ ኤርፖርቱ።

ያወቅነው በአጋጣሚ ነው። ትንሿ ማታ የሕፃኗን ልብስ ልትወስድ ቤታቸው ስትሄድ፣ ሠራተኛዋ "ጋሼ ዛሬ እራት አይበሉም፤ ነገ ሐኪም ቤት በባዶ ሆድ ነው የሚሄዱት" አለቻት። አውጣጥታ ጠየቀቻቸውና እኛን ደወለችልን። ሞያሌ ላይ ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ፣ ከኢትዮጵያው ሲም ወደ ኬንያው ስንቀያይር፣ "ቁስል... ናሙና... ነገ" የሚሉ ቃላት ብቻ ሰማን። መካከለኛዋ ያቺ በደማቁ የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ትዝ አለቻት። ደብዳቤውን ለመላክ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሞከርን። ሁለተኛው ገጽ ሄደ፤ የመጀመሪያው አልሄደም። ዓረፍተ ነገሯ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበረች።

አባባ የትንሿን ጭቅጭቅ ፈርተው በሌሊት ተነሥተው ወጥተዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሕፃኗን አዝላ ክሊኒኩ ደረሰች። አባባ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው አልጋ ላይ ነበሩ። ነርሷ አትገቢም አለቻት፤ ገባች። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ስልኩን ዘረጋችለት። እሷ እንደምትለው መጀመሪያ ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና አነበበ። ከዚያ ወደ አባባ ዞሮ፣ "አባቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?" አላቸው። መልስ የለም። ጓንቱን አወለቀ። ሜሪላንድ ያኔ ሌሊት ነበር፤ ወንድማችን ተኝቶ ተነሥቶ ተረኛውን ሐኪም ፈልጎ ሁለቱን አገናኛቸው። ሃያ ደቂቃ አወሩ።

ፕሮስቴትና የታችኛው አንጀት የፊት ግድግዳ የሚለያዩት በሚሊሜትሮች ነው። ፍሬዎቹ ካንሰሩን ሲያቃጥሉ ከጨረሩ ጥቂቱ ግድግዳውን ይነካዋል፤ የአንዳንድ ሰው አንጀት ከወራት በኋላ ይደማል። ብዙውን ጊዜ ጊዜና ትዕግሥት ያድነዋል። ጨረር የነካው ሥጋ ግን የደም ዝውውሩ ደካማ ነው፤ ከቆረጡት ወይም ደሙን ለማቆም ብለው አብዝተው ከተኮሱት ላይድን ይችላል። ቁስሉ እየጠለቀ ሄዶ በአንጀትና በሽንት ቧንቧ መካከል ቀዳዳ የተከፈተባቸው ሰዎች አሉ። ጥቂቶች ናቸው፤ ግን አሉ። ሽንት በማይሆን በኩል፣ ሰገራም በማይሆን በኩል ይወጣል፤ ማስተካከያው ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሆድ ላይ ከረጢት ተለጥፎ መኖርም ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ለትንሿ ይህን ሲያስረዳት የተጠቀመው ቃል "ፊስቱላ" የሚል ነው።

እኛ ሴቶች ይህን ቃል እናውቀዋለን። ከገጠር በምጥ የተጎዱ እህቶች አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እየመጡ ሲታከሙ ሰምተን ነው ያደግነው። በወንድ ላይ፣ በገዛ አባታችን ላይ፣ በአንዲት ያልተነገረች ቃል ምክንያት ሊመጣ ይችል ነበር ብለን አስበን አናውቅም። ትንሿ ሕፃኗን እንዳዘለች እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሐኪሙን አንወቅሰውም። ያልተነገረውን ከየት ያውቃል? ደሙንም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም ነበር። ከሳምንት በኋላ ከሜሪላንድ ጋር እየተነጋገረ ቀሪውን አንጀት በሙሉ በካሜራ አየው፤ ያን ቦታ ግን በአፍንጫው አልፎ ሳይነካው ወጣ። ሌላ ቦታ ምንም የለም። በታች የሚገባ መድኃኒት ሰጣቸው፣ ሰገራቸው እንዳይደርቅ ምግባቸውን አስተካከለ። ደሙ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ስምንት ወር ያህል እየቀነሰ፣ አንዳንዴም እየተመለሰ ሄዶ ቆመ። በእነዚያ ወራት ደም ባዩ ቁጥር ራሳቸው ይነግሩን ነበር፤ በእጃቸው ምልክት አድርገው፣ ቃሉን ሳይጠሩ።

እውነቱን ለመናገር የተናደድነው በአባባ ብቻ አይደለም፤ በራሳችንም ነው። እኛ አንድ ካርቶን ዕቃ ያለ ዲክላራሲዮን፣ ያለ ፓኪንግ ሊስት ከቤት አናወጣም። የመኪናው ሊብሬ ከጠፋ እንቅልፍ የለንም። የአባታችንን ካርድ ግን ካየነው በኋላ እንኳ መልሰን ከሥዕሉ ጀርባ ከተትነው። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ እንደመጣ አስቀመጥነው፤ ወደ አማርኛ ለመመለስ አንድ ምሽት ነበር የሚፈጀው። ወንድማችንም የድርሻውን ይውሰድ፤ መሐላ ጠብቄ ነው ይላል፤ ሐኪም ሊቆርጥ ሲል የማይፈርስ መሐላ ምን ያደርጋል?

አሁን ካርዱ በፕላስቲክ ተለብጧል። ጀርባው ላይ በአማርኛና በስዋሂሊ ሦስት መስመር አለ፤ ምን እንደተተከለ፣ በስንት ቀን እንደተተከለ፣ ከየትኛው ቦታ ያለ ምክር ናሙና እንደማይወሰድ። ሳንባቸው ላይ ያለችውም ፍሬ ተጽፋለች፤ አንድ ቀን ሌላ ሐኪም ዕጢ መስላው እንዳይደነግጥ። ሁለት ስልክ ቁጥር አለው፤ የሜሪላንዱ አጠገብ ስንት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነ ተጽፏል። አንዱ ቅጂ ከትራንዚት ወረቀቶቻችን ጋር ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ወይም ዕቃ ልታመጡ ሕንድና ታይላንድ ስትሄዱ አብረው ታክመው የሚመለሱ አባቶች ካሏችሁ፣ ወረቀቱን አገር ቤት ሳይገባ ጠይቁት፤ "ውስጥህ የቀረ ነገር አለ?" በሉት። አፍሮ የለም ቢላችሁ ደግማችሁ ጠይቁት። እኛ አልደገምንም።

ነገሩ ከተወራ ወዲህ ሱቃችን በር ላይ የሚቆሙት ሹፌሮች በዝተዋል። ሻይ ሊጠጡ ነው የሚመጡት ይባላል። ወንበራቸውን ወደ አባባ ያስጠጋሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛ ስናልፍ ስለ ነዳጅ ያወራሉ። ሁለቱ ፒኤስኤ እንደተመረመሩ ሰምተናል። አንዱ ሕክምና ጀምሯል።

594ኛው ቀን ማክሰኞ ዋለ። መካከለኛዋ ሠንጠረዡን አውጥታ በቀይ አሠመረችበት። የትንሿ ልጅ አሁን ትሮጣለች፤ የአባባ ጭን የእሷ ነው፤ የትልቋ ልጅ በቅናት ይጣላታል። ባለፈው ወር አባባን ደግሞ ለዕቃ ይዘናቸው ወጣን፤ ስንመለስ በዚያው ኤርፖርት፣ በዚያው በር። ተራቸው ሳይደርስ ካርዱን አውጥተው ከፍ አድርገው ይዘው ቆሙ፤ ለፊተኛው ሰው ሁሉ ሲያሳዩ ነበር። ፈታሹ፣ "ይለፉ፣ ምዜ" አላቸው። በሁለቱ ዓምዶች መካከል ቀስ ብለው አለፉ። ዝም። ዞር ብለው አዩት፤ ተመልሰው ሊያልፉ ሲሉ ያዝናቸው።

"አልጮኸም እኮ" አሉን፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።